ወደ ውጭ ለሚሄዱና ከስደት ለተመለሱ አዋቂዎች እንግሊዝኛ የምናስተምር ሰዎች ራሳችንን እንዴት እናሳድግ

ሰላም ናችሁ መምህራን፣ ይሄን የምጽፈው ማታ ማታ አዋቂዎችን እንግሊዝኛ ለምታስተምሩ ነው። ደብረ ብርሃን ሁኑ፣ ሸዋሮቢት፣ ደብረ ሲና፣ መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ፣ ብቻ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ልጅ ሳይሆን የልጆች እናትና አባት ከሆነ ለናንተ ነው። የኔ ክፍል ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው፣ በሳምንት 3 ቀን ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት። ዲቪ ደርሶት የኤምባሲ ቀጠሮ የሚጠብቅ አለ፣ ባሏ ካናዳ ሆኖ ፕሮሰስ የጀመረላት አለች፣ ልጆቻቸው አሜሪካ ሊወስዷቸው ያሰቡ እናት አሉ፣ ከሳውዲና ከቤሩት ተመልሰው ልሂድ አልሂድ እያሉ የሚጨነቁ እህቶች አሉ። ሁሉም ሹራብና ጋቢ ደራርበው አንድ ክፍል ውስጥ።

እኛ ግን ለዚህ ስራ አልሰለጠንም። የተማርነው 50 ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ መጽሐፉን እንዴት እንደምንጨርስ ነው፣ ፈተና እንዴት እንደምናወጣ ነው። የ4 ወር ጊዜ ቀርቶት ሄዶ ሆስፒታል ውስጥ የት እንዳመመው መናገር ላለበት ሰው ምን እንደሚቀድም ማንም አልነገረን። ስልጠና ይመጣል ብለን እንጠብቃለን፣ እኔም ብዙ ጠብቄያለሁ። አንዴ ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ተማሪ ተኮር ዘዴ ስልጠና ተቀምጬ አሰልጣኙ ከጠዋት እስከ ማታ ስላይድ አነበበ፣ እኛ አፋችንን ሳንከፍት ፈርመን ወጣን፣ ሰኞ ክፍሌ ስገባ የተቀየረ ነገር አልነበረም፣ እሱ ቀን በጣም ነው ያዘንኩት። ከዛ በኋላ ነው በቃ ባለኝ ነገር ልጀምር ያልኩት። ያለኝ ነገር ደግሞ ስልክ፣ አንድ የስራ ባልደረባ፣ አንድ ደብተር፣ እና ተማሪዎቼ ናቸው። ከዛ ወዲህ የተማርኩት ነገር ሁሉ በአንድም በሌላም መልኩ ማዳመጥ ነው፣ እንዴት እንዳደረግኩት ልንገራችሁ።

ራሳችሁን ቅዱና ስሙ

በዚህ ጀምሩ። ተማሪዎቹን አስፈቅዱ፣ "ራሴን ለማረም ነው፣ ለማንም አላሰማም" በሏቸው፣ አብዛኛው ሰው ደስ ብሎት ይፈቅዳል፣ አንድ ሰው እንኳን ፊቱ ከጠቆረ ግን ሌላ ቀን ይሁን። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ 20 ደቂቃ ብቻ ሪከርድ አድርጉ። ሙሉውን ክፍለ ጊዜ አትቅዱ፣ ሰዓት ተኩል ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው የለም፣ ዝም ብሎ ስልካችሁ ላይ ቦታ ይይዛል።

ቤት ገብታችሁ እራት ከተበላ በኋላ ስሙት። የመጀመሪያውን ዝም ብላችሁ ነው የምትሰሙት፣ የራስን ድምጽ መስማት ይከብዳል፣ ይለመዳል። ሁለተኛውን ቁጠሩ። እኔ ስቆጥር ከ20 ደቂቃው ወደ 16 ደቂቃ የማወራው እኔ ነበርኩ፣ ጥግ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ በሙሉ ቅጂው ውስጥ የተናገረችው "የስ ቲቸር" ብቻ ነው። እሷ እኮ የምትከፍለው ለመናገር ነው። ከዛ ደግሞ የበለጠ የደነገጥኩበት ነገር ጥያቄ ጠይቄ ወዲያው ራሴ እመልሳለሁ፣ ሰው አፉን ሊከፍት ሲል እኔ ቀድሜዋለሁ።

ይሄ የኔ ብቻ ችግር እንዳልሆነ በኋላ አንብቤ አወቅኩ። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (በፈረንጅ) የሳይንስ ክፍሎችን ቀድታ አጥንታ ነበር፣ አስተማሪ ጠይቆ የሚጠብቀው በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ፣ ወደ 3 ሰከንድ ሲያራዝሙት ተማሪው የሚመልሰው መልስ ረዘመ፣ ዝም የሚለውም ቀነሰ። እንግዲህ እነዛ በራሳቸው ቋንቋ የሚማሩ ልጆች ናቸው። የኔ ተማሪ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ሰምታ፣ ወደ አማርኛ መልሳ፣ መልሱን አስባ፣ ወደ እንግሊዝኛ ገልብጣ፣ ግሱን ከመጨረሻ ወደ መሃል አምጥታ ነው አፏን የምትከፍተው። ስለዚህ አሁን ከጠየቅኩ በኋላ በልቤ "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ" ብዬ እስክጨርስ ዝም እላለሁ፣ 3 ሰከንድ ገደማ ነው፣ አንዳንዴ ሁለቴ እለዋለሁ። ሙስሊም የሆናችሁም የራሳችሁ አላችሁ። መጀመሪያ ዝምታው ያስጨንቃል፣ ሁለት ሳምንት ስጡት። የጥጓ ተማሪዬ በሦስተኛው ሳምንት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስትናገር ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አያት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ የሰማችሁትን ሁሉ በአንዴ ለማረም አትሞክሩ። አንድ ነገር ምረጡ፣ ለአንድ ወር እሱን ብቻ ያዙ፣ በወሩ መጨረሻ እንደገና 20 ደቂቃ ቅዱና አወዳድሩ።

ከሄዱት ተማሩ

ይሄ ለኔ ከሁሉም የበለጠው ነው ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ተማሪዎቻችን ይሄዳሉ፣ ቶሮንቶ ካልጋሪ ሚኒሶታ ሜልበርን ይገባሉ፣ የኛ ትምህርት የሚፈተነው እዛ ነው፣ እኛ ግን ውጤቱን አናየውም። የመንግስት ትምህርት ቤት ፈተና ቢኖር ውጤት ይለጠፋል፣ የኛ ውጤት አውሮፕላን ላይ ወጥቶ ይጠፋል። እሱን ነው መልሰን ማምጣት ያለብን።

የማደርገው እንዲህ ነው። ሰው ሊሄድ ሲል ቴሌግራሙን እቀበልና አንድ ነገር እጠይቃለሁ፣ "እዛ ከገባሽ በኋላ በየሳምንቱ ያልገባሽን ወይ ያልተግባባሽበትን አንድ ነገር ቮይስ ላኪልኝ፣ በአማርኛ ይሁን" እላለሁ። አንድ ነገር ብቻ። "እንዴት ነው እንግሊዝኛው" ካላችሁ "እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው" ነው የሚሏችሁ፣ ማንም ተቸገርኩ ብሎ መምህሩን ማሳዘን አይፈልግም። "ዛሬ ያልገባሽ አንድ ነገር" ስትሉ ግን የሚነገር ነገር ይመጣል።

መጀመሪያ የደረሰኝ ቮይስ ከካናዳ ነበር። ክሊኒክ ስልክ ደውላ ቀጠሮ ያዘች፣ "ቱ ኦክሎክ" አሏት፣ በደንብ ሰማች፣ ደብተሯ ላይም 2 ብላ ጻፈች። በነጋታው ጠዋት በእኛ 2 ሰዓት በዛ በረዶ ተነስታ ሄደች፣ በነሱ ገና ከጠዋቱ 8 ሰዓት ነው፣ ቀጠሮዋ ግን ከሰዓት በኋላ ነበር፣ 6 ሰዓት ሙሉ መጠበቂያ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ተመልሳ ብትሄድ እንዳይቀርባት ፈርታ። እኔ ሰዓትን ሦስት ሳምንት አስተምሬያታለሁ። የግድግዳ ሰዓት ስዕል አምጥቼ "ዋት ታይም ኢዝ ኢት" ስንል ከርመናል፣ ከፈተናውም 10 ከ10 ነው ያገኘችው። ያላስተማርኳት ከኛ ሰዓት ወደነሱ ሰዓት መሻገርን ነው፣ ከዛ ደግሞ "ጠዋት ነው ከሰዓት?" ብሎ መጠየቅን፣ የሰሙትን መልሶ ደግሞ ማረጋገጥን። አሁን ሰዓት ሳስተምር ስዕል የለም፣ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው ስልክ እንደሚያወሩ ሆነው ቀጠሮ ይይዛሉ፣ የያዙትን በኛም በነሱም አቆጣጠር ይጽፋሉ፣ ከዛ ይገላበጣሉ።

ሌላ ቮይስ ደግሞ አለ። አንድ ጋሼ ቢሮ ገብተው ሲጠብቁ ስም ይጠራል፣ እሳቸው ቁጭ ብለዋል፣ ተጠርቶ ተጠርቶ ታለፉ። የተጠራው የአያታቸው ስም ነበር። ፓስፖርት ላይ የመጨረሻው ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚያዝ እዛ ሰው የሚጠራው በእሱ ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ ሰው በአያቱ ስም ተጠርቶ አያውቅም፣ በዛ ላይ አጠራሩ ተጣሞ። ባልና ሚስት የተለያየ የቤተሰብ ስም ስላላቸውም ማብራራት ይኖርባቸዋል። የልደት ቀንም እንደዛው ነው፣ የኛና የነሱ ዓመት እንደ ወሩ በ7 ወይ በ8 ይለያያል፣ ፓስፖርቷ ላይ ያለው በነሱ ነው፣ በቃሏ ስትጠየቅ የምትመልሰው በኛ ነው፣ ሁለቱ ሲጋጩ ኦፊሰሩ ይጠራጠራል። ይሄ ሰዋስው አይደለም፣ መጽሐፍ ውስጥም የለም፣ ግን ከ"ፕረዘንት ፐርፌክት" ይቀድማል ባይ ነኝ።

ሦስተኛው "አዎ" ነው። "ወረቀቱን አላመጣህም?" ሲሉን እኛ ካላመጣን "አዎ" ነው የምንለው፣ አዎ አላመጣሁም ማለታችን ነው። እንግሊዝኛ ላይ "የስ" ካልክ አምጥቻለሁ ማለት ነው። ከዛ በላይ ደግሞ እኛ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን የምንለው አዎ አለ አይደል፣ ያንን የማያውቅ ሰው የደነገጥን ወይ ያመመን ነው የሚመስለው፣ አንዲት ተማሪዬን ነርሷ ሁለቴ "አር ዩ ኦኬ" አለቻት። ይሄን ክፍል ውስጥ ሳወራው ሁሉም አየሩን እየሳበ "አዎ" አለ፣ ከዛ ምን እንዳደረጉ ሲገባቸው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ ያን ቀን የተማሩትን የሚረሱት አይመስለኝም።

ቮይሶቹን አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ ከእያንዳንዱ ቀጥሎ ደብተሬ ላይ "ይሄን ያስተማርኩት መቼ ነው፣ እንዴት ነው፣ ምን ጎደለው" ብዬ እጽፋለሁ። የሰው ቮይስ ግን ሳታስፈቅዱ ለክፍል አታሰሙ፣ ግሩፕ ላይማ በጭራሽ። የጥገኝነት ጉዳይ፣ የወረቀት ጉዳይ፣ የትዳር ጉዳይ ያለበት ቮይስ ከመጣ ሰምታችሁ አጥፉት፣ ትምህርቱን ብቻ በራሳችሁ ቃል ያዙ።

እንደገና ጀማሪ ሁኑ

ከሳውዲ የተመለሰች ተማሪ አለችኝ፣ አረብኛ ትናገራለች፣ ማንበብም በራሷ ለምዳለች። አንድ ቀን ከክፍል በኋላ 15 ደቂቃ አረብኛ ፊደል አስተምሪኝ አልኳት። መጀመሪያ አፈረች፣ "ቲቸር እኔ አንቺን?" አለችኝ፣ ከዛ ቾኩን ተቀበለች። ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚጻፈው፣ እጄ እምቢ አለኝ። አንዱ ፊደል ቃሉ መጀመሪያ ላይ ሌላ መልክ፣ መሃል ላይ ሌላ፣ መጨረሻ ላይ ሌላ ነው። እሷ ፈጠን ብላ ስትጽፍ አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን ትጀምራለች፣ "ገባሽ?" ስትለኝ ሳይገባኝ "አዎ" አልኩ። ያቺን "አዎ" ስል ነው ነገሩ የበራልኝ፣ ተማሪዎቼ በየቀኑ የሚሉኝ እሷን ነው። 

አንድ ወር ተማርኩ፣ አረብኛ አላወቅኩም፣ ግን ከዛ በኋላ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ዝግ አልኩ፣ "ገባችሁ?" ማለት ትቼ "አሁን ለጎንሽ አስረጂያት" ማለት ጀመርኩ። በአማርኛ ፊደል ብቻ ያደገ ሰው የላቲን ትንሹና ትልቁ ፊደል ለምን ሁለት እንደሆነ ግራ ይገባዋል፣ እኛ ስለለመድነው አይታየንም። አረብኛ የሚያስተምር ሰው ከሌላችሁ አፋርኛም ኦሮምኛም ይሁን፣ የማታውቁት መሆኑ ነው ዋናው። ለሷም ጥሩ ነበር፣ እዛ አገር ቤት ስታጸዳ የለመደችው ቋንቋ እውቀት ተብሎ ሲቆጠርላት የመጀመሪያዋ ነበር ብላኛለች።

ባልደረባችሁን አስገቡ፣ ግን ተማሪ እንዲያይ

ሴልታ የሚባለው የካምብሪጅ ሰርተፍኬት አለ፣ አዋቂ ለማስተማር በዓለም ላይ በጣም የሚታወቀው ነው፣ ቢያንስ 120 ሰዓት ነው፣ ዋጋውም ለኛ ደሞዝ የሚቀመስ አይደለም። ውስጡን ስታዩት ግን ልቡ ምንድነው፣ 6 ሰዓት እየታየህ ታስተምራለህ፣ 6 ሰዓት ልምድ ያለው ሰው ሲያስተምር ታያለህ፣ ከዛ ትነጋገራለህ። ለሰርተፍኬቱ መክፈል ባንችልም 6 ሰዓት መተያየት ግን የሚከለክለን የለም።

ትምህርት ቤት የምናውቀው ሱፐርቪዥን ሰው ያስፈራል፣ ፎርም ተይዞ ይገባል፣ ጠንካራ ጎን ደካማ ጎን ተብሎ ይሞላል። እሱን ተዉት። የኔና የባልደረባዬ ስምምነት እንዲህ ነው፣ የሚገባው ሰው አስተማሪውን አያይም፣ አንድ ተማሪ ይመርጥና 30 ደቂቃ ሙሉ እሱ የሚያደርገውን ብቻ ይጽፋል። አስተያየት አይሰጥም፣ ያየውን ብቻ። ከዛ ቡና እየጠጣን ያነብልኛል።

አንድ ማታ የመረጠው ልጆቻቸው አሜሪካ የሚወስዷቸውን እናት ነበር፣ እትዬ ነው የምላቸው። በየሳምንቱ ኋላ ይቀሩብኝ ነበር፣ እድሜ ነው ብዬ ደምድሜያለሁ። ባልደረባዬ የጻፈው ይሄ ነው፣ "ሰሌዳውን አያዩም። ከጎናቸው ካለችው ልጅ ደብተር ይገለብጣሉ። ልጅቷ ስትገልጥ ይቆማሉ። መብራቱ ሲቀንስ ደብተራቸውን ዘጉ።" ሰሌዳው አይታያቸውም ነበር። በነጋታው ፊት አስቀመጥኳቸው፣ ትልልቅ አድርጌ ጻፍኩ፣ ልጃቸው ደግሞ መነጽር አሰራላቸው፣ በአንድ ወር ሌላ ሰው ሆኑ። እኔ 5 ወር አስተምሬያቸው ያላየሁትን እሱ በ30 ደቂቃ አየው፣ ለምን፣ እሱ የሚያየው እሳቸውን ብቻ ስለሆነ ነው።

ከእትዬ ሌላም ተማርኩ። ፊደል የቆጠሩት በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፣ የማታ፣ በፋኖስ። "እንዴት ነበር የሚያስተምሯችሁ?" ብዬ ስጠይቃቸው አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩኝ። ይሄን ጥያቄ ለሁሉም ተማሪ ጠይቁ፣ ሰው እንዴት መማር እንደለመደ ሳታውቁ ዘዴ አትምረጡ። አንድ ሌላ ጋሼ የቤተክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደጉ ናቸው፣ ጌም ምናምን ስናደርግ ቅር ይላቸዋል፣ ትምህርት አይመስላቸውም። እሳቸው ያደጉት በግእዝ ንባብ ጀምሮ ወደ ውርድ ንባብ ከዛ ወደ ቁም ንባብ በመሄድ ነው፣ አንዱን ጽሑፍ ደጋግሞ፣ መጀመሪያ ዝግ ብሎ ከዛ እየፈጠኑ፣ በመጨረሻ እንደ ንግግር። እኔም እንግሊዝኛ ንባብ ላይ እሱን ሞከርኩ፣ አንድ አጭር የቀጠሮ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ በሦስት ፍጥነት ማንበብ፣ ከሁሉም ቀድመው የለመዱት እሳቸው ናቸው፣ ወጣቶቹንም እሳቸው ያስነብቧቸው ጀመር።

ስለ ተመላሾቹ

ይሄን በጥንቃቄ ነው የምጽፈው። በ2006 ሳውዲ በወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ስትመልስ ብዙ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ባዶ እጃቸውን መጡ፣ ከዛም ወዲህ መመለሱ አልቆመም፣ በኛ መንገድ በአፋር በጅቡቲ አድርገው በየመን የሄዱም አሉ። ክፍላችሁ ውስጥ ማን ምን እንዳለፈበት አታውቁም።

እኔ "ዴይሊ ሩቲን" እያስተማርኩ ነበር፣ ጠዋት ስንት ሰዓት ትነሻለሽ ምን ትሰሪያለሽ የሚለውን፣ ቀላሉ ትምህርት ነው። አንዲት ተማሪ መጻፍ ጀመረች፣ ሁለት መስመር ጽፋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ወጣች፣ ለሁለት ሳምንት አልመጣችም። በኋላ ደብተሯን ሳይ የጻፈችው የአሰሪዋ ቤት ውሏን ነበር። ከዛ ወዲህ ስለ ቤት፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጉዞ፣ ስለ ስራ የሚጠይቅ መልመጃ ሁሉ ምርጫ አለው፣ "የራሳችሁን ወይም የፈለጋችሁትን ሰው ጻፉ"። አብዛኛው ሰው የጎረቤቱን ይጽፋል፣ እንግሊዝኛው አንድ ነው። መንገዱን እንዲተርኩ አልጠይቅም፣ ራሳቸው ካወሩ እሰማለሁ፣ ስህተት አላርምም በዛ ሰዓት። በር አጠገብ መቀመጥ የምትፈልግን ሰው አላስነሳም። እኛ ሐኪም አይደለንም፣ እንቅልፍ ያጣችን ሰው ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል እንዳለ መንገርና አብሮ መሄድ ግን እንችላለን። በዚህ ላይ አንድ ነርስ ወይ የጤና ባለሙያ ጋብዛችሁ ለመምህራን አንድ ሰዓት እንዲያወራችሁ አድርጉ፣ ከብዙ ወርክሾፕ ይበልጣል።

የራሳችን እንግሊዝኛና የምናነበው ነገር

በግልጽ እንነጋገር፣ እኛም የምንሰማው እንግሊዝኛ ትንሽ ነው። የቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ 6 ደቂቃ ፕሮግራም አለ፣ ነጻ ነው፣ ዋይፋይ ስታገኙ አውርዱና ባጃጅ ውስጥ ስሙ፣ ከዛ አንድ ደቂቃውን ብቻ እየተከተላችሁ ድምጽ አውጥታችሁ በሉ። ግን የብሪቲሽ ድምጽ ብቻ አይበቃም፣ ተማሪዎቻችን እዛ ሲደርሱ የሚያዋራቸው የፊሊፒንስ ነርስ፣ የህንድ ሹፌር፣ የናይጄሪያ አለቃ ነው፣ እሱንም ፈልጋችሁ ስሙ አሰሙም። ብሪቲሽ ካውንስል ለመምህራን ያዘጋጀው ነጻ ድረ ገጽም ይጠቅማል።

ደረጃ ማወቅም ግድ ነው። አውሮፓ ከኤ1 እስከ ሲ2 ያለውን 6 ደረጃ ይጠቀማል፣ ካናዳ ደግሞ የራሷ 12 ደረጃ አላት፣ ማዳመጥ መናገር ማንበብ መጻፍ ለየብቻ ነው የሚለካው። የያንዳንዱ ደረጃ መግለጫ ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ፣ "ይሄ ሰው ምን ማድረግ ይችላል" ብሎ ነው የሚዘረዝረው፣ ተማሪያችሁ የምትሄድበትን አገር መግለጫ አንድ ገጽ ብቻ አንብባችሁ ከትምህርታችሁ ጋር አስተያዩት።

ሰዓቱንም አስሉት እባካችሁ። አውስትራሊያ ከ1948 ጀምሮ ለመጤዎች እንግሊዝኛ የምታስተምርበት ፕሮግራም አላት፣ ለዓመታት ለአንድ ሰው 510 ሰዓት ትሰጥ ነበር፣ በ2021 የሰዓት ገደቡን አነሱት፣ ዓመቶቹ በነሱ አቆጣጠር ነው። የኔ የ3 ወር ኮርስ በሳምንት 3 ቀን ሰዓት ተኩል ሲባዛ 54 ሰዓት ነው። በ54 ሰዓት ሰው አቀላጥፎ ይናገራል ብሎ ማስታወቂያ መለጠፍ ሰው ማታለል ነው፣ እኔ አሁን ሲመዘገቡ በዚህ ጊዜ ምን እንደሚደርስና ምን እንደማይደርስ ቁጭ ብዬ እነግራቸዋለሁ። በ54 ሰዓት ስምን መናገርና ፊደል በፊደል ማስቆጠር፣ ቀጠሮ መያዝ፣ ፎርም መሙላት፣ ህመም መናገር፣ "አልገባኝም ቀስ ብለህ ድገምልኝ" ማለት ይቻላል። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያው ቀን ነው የማስተምራት፣ እስኪሄዱም በየቀኑ ትባላለች።

ለወረቀቱ

ቀን የመንግስት ትምህርት ቤት የምታስተምሩ በዓመት 60 ሰዓት ተሙማ (ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ) አለባችሁ። ብዙ ሰው ዶሴውን በሰኔ ቁጭ ብሎ ይሞላዋል። እዚህ የጻፍኩት ሁሉ ግን ተሙማ ነው፣ 20 ደቂቃውን ስትሰሙ፣ ስትቆጥሩ፣ ባልደረባችሁን ስታዩ፣ ቡናው ላይ ስትነጋገሩ፣ ቀንና ሰዓት እየጻፋችሁ ደብተሩ ላይ ያዙት፣ ችግሩን፣ የሞከራችሁትን፣ የተቀየረውን። የተማሪ ስም አትጻፉ። ርዕሰ መምህራችሁን ቀድማችሁ በመስከረም አነጋግሩ፣ በሰኔ ሳይሆን። ኦንላይን ከፍለህ በሦስት ቀን የሚሰጥ ሰርተፍኬት የሚሸጡ አሉ፣ ማንም ሲያስተምሩ ሳያያችሁ የሚሰጥ ወረቀት ላይ ገንዘባችሁን አታጥፉ።

ለመጀመር የሚቸግራችሁ ካለ፣ ይሄ ሳምንት ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉና አንድ ማታ ምረጡ፣ የገበያ ቀን አይሁን ተማሪ ይጎድላል፣ ከትምህርቱ መጀመሪያ ሳይሆን ጥያቄና መልስ ከሚበዛበት መሃሉ ላይ 20 ደቂቃ ቅዱ። ኤርፎን ተጠቀሙ ስትሰሙት፣ ጥግ ያለው ሰው ድምጽ ያለ ኤርፎን አይሰማም።